ለጌም ግራፊክስ ካርድ ስንት ብር ላውጣ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ማርቆስ ላይ ኮምፒውተር ስለምገጣጥም ከባሕር ዳር፣ ከቡሬ፣ ከሞጣና ከፍኖተ ሰላም ሳይቀር እየተደወለ ስለ ግራፊክስ ካርድ (የጌሙን ምስል ሠርቶ ወደ ስክሪን ስለሚልከው ዕቃ) የምጠየቃቸው እነዚህ ናቸው።

ግራፊክስ ካርድ ሳልገዛ ጌም መጫወት አልችልም?

ትችላላችሁ። ብዙዎቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በውስጣቸው ትንሽ ግራፊክስ አላቸው። ቫሎራንትን የመሰለ ቀላል ጌም በዝቅተኛ ሴቲንግ ይከፍትላችኋል። የቆዩ የእግር ኳስ ጌሞችም ይሄዳሉ።

ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር ሞክሩ። ይሄ አብሮ የተሠራው ግራፊክስ የራሱ ሚሞሪ የለውም፤ ከራም (ከኮምፒውተሩ የሥራ ሚሞሪ) ይበደራል። ኮምፒውተራችሁ ላይ ያለው ራም አንድ ብቻ ከሆነ፣ ተመሳሳይ ሁለተኛ ራም ጨምሩበት። የፍሬም ቁጥሩ (በሴኮንድ የሚታየው ምስል ብዛት) በግልጽ ከፍ ይላል። ወጪው ከካርድ ጋር አይወዳደርም። እዚህ ላይ ረክቶ ካርድ የመግዛት ሐሳቡን የተወ ደንበኛ አለኝ፤ እኔም ደስ አለኝ።

ላፕቶፔ ላይ ግራፊክስ ካርድ ማስገባት ይቻላል?

አይቻልም ብላችሁ ውሰዱት። የላፕቶፕ ግራፊክስ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው። ከውጭ የሚሰካ ዘዴ አለ፤ ግን ወጪው ሲደመር ያገለገለ ዴስክቶፕ ከነካርዱ ይገዛል።

እሺ፣ ስንት ብር ላውጣ?

መልሱ ያለው ስክሪናችሁ ላይ ነው። ከስክሪኑ ጀርባ ያለውን ወረቀት አንብቡ፣ ወይም ዊንዶውስ ላይ የዲስፕሌይ ሴቲንግ ክፈቱ። 1080ፒ (የምስሉ ጥራት መለኪያ፣ ሬዞሉሽን)፣ 60 ኸርዝ የሚል ከሆነ (አብዛኛው እኔ ጋ የሚመጣው እንደዚያ ነው)፣ ስክሪኑ በሴኮንድ ከ60 ፍሬም በላይ አያሳይም። 200 ፍሬም የሚያወጣ ካርድ ብትገዙለትም ዓይናችሁ የሚያየው 60ውን ነው። ትርፉ ብር የትም አይታይም።

ስለዚህ እንዲህ አስሉ። የምትጫወቱት ኳስ፣ ዶታ 2፣ ጂቲኤ 5 እና የመሳሰሉትን ከሆነ፣ ጂቲኤክስ 1650 ይበቃችኋል (ጂቲኤክስና አርቲኤክስ የኢንቪዲያ ኩባንያ፣ አርኤክስ የኤኤምዲ ኩባንያ ካርዶች ስም ነው)። አዳዲስ ከባድ ጌሞችን በ1080ፒ በጥሩ ሴቲንግ ማየት ከፈለጋችሁ፣ አርኤክስ 6600፣ አርቲኤክስ 3060 ወይም አርቲኤክስ 4060 ላይ ቁሙ። እኔ ገንዘብ በደንብ የሚሠራው እዚህ መሀል ላይ ነው እላለሁ፤ በተለይ ያገለገለ አርኤክስ 6600 ከተገኘ። አርቲኤክስ 4060 በፈረንጆች 2023 ሲወጣ የውጭ ዋጋው 299 ዶላር ነበር። አርቲኤክስ 4090 ደግሞ 1,599 ዶላር። ከአምስት እጥፍ በላይ ነው። በ60 ኸርዝ ስክሪን ፊት ሁለቱን አስቀምጣችሁ ብትጫወቱ በአብዛኛው ጌም ልዩነቱን አትለዩትም።

ኮምፒውተሩን ከዜሮ የምትገነቡ ከሆነ፣ ከጠቅላላው ገንዘብ ከአንድ ሦስተኛ እስከ ግማሽ ያለውን ለካርዱ መድቡ። ከግማሽ ካለፈ ሌላው ዕቃ ይጎዳል፤ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ደግሞ ፓወር ሰፕላዩ (ለዕቃዎቹ ኃይል የሚያከፋፍለው) ነው።

ሻጩ የጠራልኝ ዋጋ ትክክል መሆኑን በምን ልወቅ?

በብር ቁጥር ብጽፍላችሁ በሳምንቱ ያረጃል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከዚያ በፊት 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የኮምፒውተር ዕቃም አብሮ ወጣ። እስካሁን የድሮውን ዋጋ እያስታወሱ «ተዘረፍኩ» የሚሉ አሉ። ሻጩም የገዛው በዶላር ነው።

እናንተም በዶላር አስሉት። ካርዱ ዛሬ ውጭ አገር ስንት እንደሚሸጥ እዩ፣ ያገለገለ ከሆነ ያገለገለውን። በዕለቱ ምንዛሬ አባዙት። ቀረጥ፣ ማጓጓዣና የነጋዴው ትርፍ ሲጨመርበት ከፍ ማለቱ ያለ ነው። የተጠራላችሁ ዋጋ የዚህን እጥፍ ከሆነ ግን አመስግናችሁ ውጡ። ከውጭው ዋጋ በታች ከሆነ ደግሞ የበለጠ ተጠራጠሩ።

ሌላው ወጥመድ አሮጌ ካርድ በአዲስ ዋጋ ነው። የጂቲኤክስ 10 ተከታታይ፣ እነ 1050 ቲአይና 1060፣ የወጡት በፈረንጆች 2016 ነው። ኢንቪዲያ ለእነዚህ ካርዶች በየጊዜው ለአዳዲስ ጌሞች የሚያወጣውን ድራይቨር (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም) በፈረንጆች 2025 መጨረሻ አቁሟል፤ የቀራቸው የደኅንነት ማሻሻያ ብቻ ነው። ጂቲኤክስ 1650 ግን ቁጥሩ ቢቀራረብም ከእነሱ የሚቀጥለው ትውልድ ስለሆነ አልተካተተም። በመካከላቸው ያለው የዋጋ ልዩነት ትንሽ ከሆነ 1650ውን ውሰዱ።

ያለኝ የቢሮ ኮምፒውተር ነው። የትኛውንም ካርድ ይይዛል?

አይይዝም፤ ሰው በብዛት የሚከስረው እዚህ ጋ ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ልጅ ከፍኖተ ሰላም መጣ። ካርዱን በጋቢ ጠቅልሎ አቅፎታል። ሦስት ማራገቢያ ያለው፣ ከባድ፣ የሚያምር ካርድ። ኮምፒውተሩ ደግሞ ቀጭኑ የቢሮ ዓይነት። ሳጥኑን ከፍተን ካርዱን አጠገቡ ስናስቀምጠው በአንድ ስንዝር ይረዝማል። ፓወር ሰፕላዩ ላይ የተለጠፈውን አነበብን፦ 240 ዋት። ለካርድ የሚሆን ትርፍ ገመድ አልወጣለትም። ልጁ ዝም አለ። ገንዘቡ የአባቱ የጤፍ ሽያጭ ነበር። በኋላ ካርዱን በኪሳራ ሸጠን፣ አጭር ጂቲኤክስ 1650 አስገባንለት። እስካሁን እየሠራ ነው።

ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት ሳጥኑን ክፈቱና ሦስት ነገር እዩ። አንደኛ፣ ስፋት። ቀጭኑ ሳጥን የሚቀበለው ቁመቱ አጭር የሆነ ካርድ ብቻ ነው፤ ስትገዙ «ሎ ፕሮፋይል» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለተኛ፣ በሜትር ርዝመት ለኩ። ሦስተኛ፣ ዋት። ማዘርቦርዱ (ዕቃው ሁሉ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) በራሱ በኩል ለካርድ የሚሰጠው እስከ 75 ዋት ነው። ብዙዎቹ ጂቲኤክስ 1650ዎችና ባለ 6 ጊጋው አርቲኤክስ 3050 በዚሁ ይሠራሉ። ከዚያ በላይ ከሆነ ከፓወር ሰፕላይ የሚመጣ ባለ 6 ወይም ባለ 8 ፒን ገመድ ያስፈልጋል። አርቲኤክስ 4060 115 ዋት፣ አርኤክስ 6600 132፣ አርቲኤክስ 3060 170፣ የድሮው አርኤክስ 580 ደግሞ 185 ዋት ይበላል። የምርት ስማቸው የታወቀ የቢሮ ኮምፒውተሮች ብዙ ጊዜ የራሳቸው ልዩ ሶኬት ስላላቸው፣ ተራ ፓወር ሰፕላይ ገዝቶ መቀየርም አይሆንም። ይሄን ሳታዩ ብር አትክፈሉ።

ስክሪኔ አሮጌ ነው፣ ሰማያዊውን ገመድ ብቻ ነው የሚቀበለው። ይሠራል?

ሰማያዊው ቪጂኤ ነው። ከጂቲኤክስ 10 ተከታታይ ጀምሮ ያሉት የኢንቪዲያ ካርዶች ቪጂኤ አያወጡም፤ አዳዲሶቹ የኤኤምዲ ካርዶችም እንደዚያው። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር መቀየሪያ ግዙ፤ ዋጋው ቀላል ነው። ገመድ ብቻ የሆነውን ሳይሆን፣ ውስጡ ቺፕ ያለውን። ገንዘብ ካላችሁ ግን ከካርዱ ቀንሳችሁ ስክሪኑን ቀይሩ፤ በየቀኑ የምታዩት እሱን ነው።

የካርዱ ሚሞሪ 8 ጊጋ ይበቃል ወይስ 12 ልውሰድ?

በ1080ፒ ለአብዛኛው ጌም 8 ይበቃል። አንዳንድ አዳዲስ ከባድ ጌሞች ሴቲንጉ ጣራ ላይ ሲወጣ 8ን ያልፋሉ፤ ያኔ ቴክስቸሩን (የነገሮቹን ገጽ ጥራት) አንድ ደረጃ ዝቅ ታደርጋላችሁ። ዛሬ ባለ 4 ጊጋ ካርድ የምመክረው በጀቱ ወይም ሳጥኑ ሌላ ምርጫ ካልሰጠ ብቻ ነው።

ግን የጊጋ ቁጥር ብቻውን እንዳያታልላችሁ። በአንድ ስም የተለያዩ ካርዶች ይሸጣሉ። አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጊጋው ከባለ 8ቱ በሚሞሪ ብቻ ሳይሆን በጉልበትም ያንሳል። ጂቲኤክስ 1060ም ባለ 3ቱና ባለ 6ቱ አንድ አይደሉም። አርኤክስ 580 ተብሎ የሚሸጥ «2048ኤስፒ» የሚባል አለ፤ ኮሩ (የሚያሰላው ክፍል) 2,048 ነው፣ የትክክለኛው 580 ግን 2,304። ጂቲ 1030ም ዲዲአር4 ሚሞሪ የተገጠመለት አለ፤ እሱ ከወንድሙ በጣም ቀርፋፋ ነው። ስሙን ሙሉውን፣ እስከ መጨረሻው ቃል አስነብቡ።

ያገለገለ ካርድ ልግዛ? ክሪፕቶ ሲቆፍር የኖረ ቢሆንስ?

ግዙ። በእኛ አቅም ብዙውን ጊዜ የተሻለው ምርጫ እሱ ነው። የማይኒንጉን (የክሪፕቶ ቁፈራውን) ወሬ ብዙ ሰው ፈርቶታል። ኢቴሪየም የሚባለው ክሪፕቶ በመስከረም 2015 ዓ.ም. በግራፊክስ ካርድ መቆፈሩን ሲያቆም፣ ብዙ ካርድ ወደ ያገለገለ ገበያ ፈሰሰ። ማይኒንግ ላይ የነበረ ካርድ ሁሉ የሞተ ካርድ አይደለም። ባብዛኛው የሚያረጁት ማራገቢያውና ቺፑ ላይ ያለው ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ናቸው። ሁለቱም ይቀየራሉ። ፔስቱን አድሼ፣ አቧራውን አራግፌ ሙቀቱ የወረደልኝ ካርድ ብዙ ነው።

የሚያስፈራው ሐሰተኛው ካርድ ነው። እኔም ተሸውጄ አውቃለሁ። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ብዬ ገዝቼ መጣሁ። ዊንዶውስም ስሙን ያነበው እንደዚያ ነበር። ጌም ሲከፈት ግን ስክሪኑ ይጠቁራል። ካርዱን አውጥቼ ገልብጬ ሳየው፣ ጫፉ ላይ ሰማያዊ የቪጂኤ ቀዳዳ። ትክክለኛ 1050 ቲአይ ቪጂኤ የለውም! ዓመታት ያለፉበት አሮጌ ካርድ ባዮሱ (ማንነቱን የሚናገረው ውስጡ ያለ ፕሮግራም) ተቀይሮ በአዲስ ስም የተሸጠ ነበር። ቀዳዳውን ስገዛ አይቼዋለሁ፣ ግን አላስተዋልኩም። ለሻጩ ስደውል ስልኩ አይነሳም።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ አደርጋለሁ። ፍላሽ ላይ ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም ይዤ እሄዳለሁ። ነጻ ነው፣ ትንሽ ቦታ ነው የሚይዘው፤ ባዮሱ የተቀየረ ካርድ ሲያገኝ ስሙ ፊት ሐሰተኛ መሆኑን ይጽፋል። ቀጥሎ ፈርማርክን (ካርዱን በሙሉ ጉልበቱ የሚፈትን ፕሮግራም) ለ15 ደቂቃ አሠራለሁ። ያን ሰዓት ስልክ አላወራም፣ ስክሪኑን ነው የማየው። ነጠብጣብ፣ መስመር፣ የቀለም መቆራረጥ ከታየ አልገዛም። ሙቀቱ ወጥቶ አንድ ቦታ መቆም አለበት፤ 85 ዲግሪ አልፎ መውጣቱን ከቀጠለ ዋጋ እቀንሳለሁ ወይም እተወዋለሁ። ማራገቢያው ሲንጫጫ ጆሮዬን አስጠጋለሁ። ሁሉንም ቀዳዳ በኬብል እሞክራለሁ። ብሎኖቹ ጭንቅላታቸው ከተላጠ ተከፍቶ ነበር ማለት ነው፤ ለምን እንደተከፈተ ጠይቁ። «ቤቴ ላይ ኮምፒውተር የለም፣ ወስደህ ሞክረው» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ፣ እዚያ አካባቢ አንድ ኮምፒውተር ቤት ሄዳችሁ ከፍላችሁ ሞክሩት። ገንዘብ በቴሌብር ቀድሞ መላክ የሚባል ነገር የለም።

አዲስ አበባ ሄጄ ልግዛ ወይስ እዚሁ?

አዲስ አበባ ምርጫው ሰፊ ነው፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ቅናሽ አለው። ግን የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱን፣ አልቤርጎውን፣ ምግቡን ደምሩ። ካርዱ ከተበላሸ ደግሞ ለዋስትናው እንደገና ያንኑ መንገድ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ያለውን፣ ፊቱን የምታውቁትን ሰው ምረጡ። እንደ ዋስትና እቆጥረዋለሁ።

አዲስ አበባ ከገዛችሁ ሁለት ነገር አትርሱ። ኮምፒውተሩን ገጣጥማችሁ ከሆነ የምትመጡት፣ ካርዱን ነቅላችሁ በእጃችሁ ያዙት። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የአባይን በረሃ ስትወርዱና ስትወጡ፣ ከባድ ካርድ በአንድ ሶኬት ተንጠልጥሎ ሲንገጫገጭ የማዘርቦርዱን ማስገቢያ ሊሰብር ይችላል። ሁለተኛ፣ ድራይቨሩን እዚያው ሳላችሁ በፍላሽ አውርዱ። የኢንቪዲያ ድራይቨር ከ600 ሜጋባይት በላይ ነው። ኔትወርክ በሚያስቸግርበት ቀን ካርድ ይዞ ድራይቨር ማጣት ያናድዳል።

መብራት ይጠፋል፣ ይዋዥቃል። ካርዱን ያቃጥልብኛል?

መብራት መጥፋቱ ብቻውን ካርድ አይገድልም። የሚያስፈራው ተመልሶ ሲመጣ ከፍና ዝቅ ማለቱ ነው። ቀድሞ የሚመታው ፓወር ሰፕላዩ ነው፤ እሱ ርካሽ ከሆነ ግን ሌላውን ይዞ ይሄዳል። ለዚህ ነው ከካርዱ ቀንሳችሁ ጥሩ ፓወር ሰፕላይ ግዙ እያልኩ የምወተውተው። ክብደቱን በእጃችሁ መዝኑት፤ «600 ዋት» ተብሎ ተለጥፎበት እንደ ባዶ ቆርቆሮ የሚቀል ከሆነ መልሱለት።

ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆየውን) ስትገዙ ቪኤ እና ዋት እንዳይምታታባችሁ። 650 ቪኤ የተባለው ብዙ ጊዜ የሚሸከመው 360 ዋት አካባቢ ነው። ኮምፒውተሩም ስክሪኑም ተደምረው ከዚያ መብለጥ የለባቸውም። እንደ አርቲኤክስ 4060 ያለ ትንሽ የሚበላ ካርድ እዚህ ላይ ዋጋ ያወጣል፤ በዚያው ዩፒኤስ ጌማችሁን ሴቭ አድርጋችሁ ለመዝጋት ጊዜ ታገኛላችሁ። መብራት ሲጠፋ ግድግዳው ላይ ያለውን ነቅላችሁ ጠብቁ፤ ከመጣም በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆዩ።

ስለ ሙቀትም የሚጠይቁኝ አሉ። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ወለል በ20 በመቶ ገደማ ስለሚሳሳ ማራገቢያ የሚያወጣው ሙቀት ይቀንሳል። ብርዳችን ግን ያካክሰዋል። ባሕር ዳር በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ያላችሁ ደግሞ የሳጥኑን ማራገቢያ ሁለት አድርጉት።

ሲፒዩዬ (ፕሮሰሰሬ) አሮጌ ነው። ጥሩ ካርድ ባስገባ ይባክናል?

አንድ ደረጃ ላይ ሲደርስ አዎ። ሲፒዩው ፍሬሙን አዘጋጅቶ ካልሰጠው ካርዱ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ሙከራው ቀላል ነው። ካርዱን ከምትገዙት ሰው ጋር ተስማምታችሁ አስገቡትና ጌም ክፈቱ፤ ሬዞሉሽኑን ከ1080ፒ ወደ 720ፒ አውርዱ። የፍሬሙ ቁጥር ካልጨመረ ያገደው ሲፒዩው ነው። የአራተኛ ትውልድ ኢንቴል አይ 5 ፕሮሰሰር ላለው ሰው ከጂቲኤክስ 1650 ወይም ከ1660 ሱፐር በላይ አልመክርም፤ የተረፈው ብር ለሚቀጥለው ማዘርቦርድ ይቀመጥ።

የኢንቴል አርክ ካርዶችን በተለይ ተጠንቀቁ። ቢ580 በ249 ዶላር 12 ጊጋ ይዞ ሲመጣ እኔንም አጓጉቶኛል፤ ጥሩ ካርድ ነው። ነገር ግን «ሪሳይዘብል ባር» የሚባለው (ሲፒዩው የካርዱን ሚሞሪ በሙሉ እንዲደርስበት የሚያደርገው) በማዘርቦርዱ ባዮስ ሴቲንግ ውስጥ ኦን መደረግ አለበት። የቆዩ ማዘርቦርዶች ይሄ የላቸውም፤ ያለሱ ካርዱ ክፉኛ ይዳከማል። እንደዚሁ አርኤክስ 6500 ኤክስቲ በአሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ጉልበቱ ይወርዳል፤ ከማዘርቦርዱ ጋር ዳታ የሚለዋወጥበት መስመር አራት ብቻ ስለሆነ።

ካርድ ብገዛ ኦንላይን ስጫወት ላጉ ይቀርልኛል?

አይቀርም። ፒንግ (መልእክታችሁ ሰርቨር ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ) የኢንተርኔት ጉዳይ ነው። ሰርቨሩ ያለው ባሕር ማዶ ነው፤ ካርድ መንገዱን አያሳጥረውም። ስክሪኑ ራሱ እየተቆራረጠ ከሆነ ካርድ ይረዳል። ተጫዋቾቹ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ እየዘለሉ ከሆነ ችግሩ ኔትወርክ ነው፤ ብራችሁን ያዙ።

ልጄ «ግራፊክስ ካርድ ለትምህርት ያስፈልገኛል» ይለኛል። እውነቱን ነው?

እርስዎ እንደሚጠረጥሩት ሁሉ ሁልጊዜ ሰበብ አይደለም። ልጅዎ ፖሊ ወይም ሌላ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ባለ ሦስት ገጽታ ዲዛይን የሚሠራ ከሆነ፣ ብሌንደርን በመሰለ ፕሮግራም ላይ ምስል ለማውጣት ካርድ በጣም ይረዳል። ለወርድ፣ ለኤክሴል፣ ኮድ ለመጻፍና ለተራ የአውቶካድ ስዕል ግን አያስፈልግም። በየትኛው ፕሮግራም ምን እንደሚሠራ ያሳይዎ፤ አጠገቡ ቁጭ ብለው ይዩት። ለትምህርቱ ከሆነ ኢንቪዲያ ይሻላል፣ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች በእሱ ላይ በደንብ ይሠራሉና። ባለ 12 ጊጋው አርቲኤክስ 3060 ለሁለቱም ይሆናል። ጌምም ይጫወትበታል፣ ያንንም አብረው ይወቁት። ሲገዙ ግን ባለ 8 ጊጋ 3060ም ስላለ ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር ይዩ።

አሁን ርካሹን ልግዛና በኋላ ልቀይር ወይስ ዕቁቤ እስኪወጣ ጠብቄ ጥሩውን?

ይሄ ከባዱ ጥያቄ ነው፤ ለሁሉም አንድ መልስ የለኝም። እኔ የምጠይቀው፣ አሁን ባለው ኮምፒውተር የምትወዱት ጌም ጨርሶ አልከፍት ብሏል ወይስ ይከፍትና አያምርም? አልከፍት ካለ ያገለገለ መካከለኛ ካርድ ዛሬ ግዙ። በጥሩ ዋጋ የተገዛ ያገለገለ ካርድ ዋጋው ብዙ የወደቀው በመጀመሪያው ባለቤት እጅ ስለሆነ፣ ስትሸጡት የምታጡት ትንሽ ነው። የሚከፍት ከሆነ ጠብቁ። እስከዚያው የሬዞሉሽን ማሳደጊያውን ኤፍኤስአርን ተጠቀሙ፤ ከአዲሱ ስሪት በስተቀር በአብዛኛው ካርድ ላይ ይሠራል፣ ጌሙ የሚደግፈው ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ታገኙታላችሁ። የኢንቪዲያው ዲኤልኤስኤስ ምስሉ ይጠራል፣ ግን አርቲኤክስ የሚል ካርድ ይፈልጋል።

ዕቁባችሁ ሲወጣ ሙሉውን ብር ይዛችሁ ወደ ካርድ ሻጭ አትሩጡ። መጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩን ግዙ፣ ቀጥሎ ዩፒኤሱን። በቀረው የሚገኘውን ካርድ ውሰዱ። መበደር ካስፈለገ ግን ካርዱ ይቆይ። ስትመጡ የሳጥኑን ውስጥና የፓወር ሰፕላዩን ወረቀት ፎቶ አንስታችሁ በቴሌግራም ላኩልኝ፤ የሚገባውንና የማይገባውን ቀድመን እናያለን።